ሙሉ ሰው ሳልሆን

ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያልተጻፈበት ትምህርት ቤት ካለ ንገሩኝ። እኔ እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳነብ ኖሬ እስካሁን ሙሉ ሰው አልወጣኝም። ገንዘብ እጄ ላይ አይበረክትም፣ በትንሽ በትልቁ ቱግ እላለሁ፣ ዶሮ ወጥ ስሠራ ዛሬም እናቴ ጋ ደውዬ «እማዬ፣ ቅቤው አሁን ነው የሚገባው?» እላለሁ። ማንበቡን ግን አልተውኩም። ስለሚጥመኝ ነው የማነበው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንዲህ ብሎ መናገር ትንሽ ያሳፍራል መሰለኝ። «ምን እያነበብሽ ነው?» ሲሉኝ ቁም ነገር ያለው መልስ ይጠብቃሉ። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ልቦና፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሀብታም የመሆኛ ዘዴ። «ልብ ወለድ» ብዬው «እህ፣ እሱንማ ልጅ ሆኜ ጨርሼዋለሁ» ያለኝ የሥራ ባልደረባ አለ። ምኑን እንደጨረሰው እንጃ።

አመሉን ያስያዘኝ ሰፈራችን የነበረ መጽሐፍ አከራይ ነው። አከራይ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሻማና ማስቲካ የሚሸጥ ኪዮስክ ሆኖ አንዱን መደርደሪያ ለመጽሐፍ የለቀቀ ሰውዬ ነው። ኪራዩ በቀን 50 ሳንቲም፣ መያዣው መታወቂያ፤ መታወቂያ ለሌለን ልጆች ደግሞ የማን ልጅ እንደሆንን ማወቁ ይበቃው ነበር። መጻሕፍቱ በአሮጌ ካላንደር ተለብደው፣ ከላይ ላስቲክ ተደርቦባቸው፣ ጀርባቸው በጆንያ መስፊያ ክር ተሰፍቶ፣ የላምባና የሽንኩርት ሽታ ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹ የስለላና የነፍስ ግድያ ታሪኮች ነበሩ። ችግሩ፣ ብዙ እጅ የዞረ መጽሐፍ ቀድሞ የሚያጣው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው። መርማሪው በሩን በርግዶ «አንተ ነህ!» ሊል አፉን ሲከፍት ወረቀቱ አልቋል። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ማታ ፍራሽ ላይ ተጋድመን ገዳዩ ማን እንደሆነ ስንከራከር እናታችን «እናንተ ልጆች፣ በዚህ ሌሊት የምን ነፍሰ ገዳይ ነው!» ብላ መብራቱን ታጠፋብናለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን ሙሉውን አገኘሁትና መጨረሻውን አነበብኩት። የኛ ይሻል ነበር። ለወንድሜ ደውዬ ገዳዩን ስነግረው «ብዬሽ ነበር!» አለኝ። አላለኝም፣ እሱ ሲጠረጥር የኖረው ዘበኛውን ነው።

አሁን የዚያን ኪዮስክ ቦታ የያዙልኝ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ናቸው። አንዱ ደንበኛዬ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «እህቴ፣ ላንቺ የደበቅኩት አለ» ይላል። ለሁሉም እንደሚል አውቃለሁ፣ ቢሆንም ደስ ይለኛል። ባለፈው የደበቀልኝ በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያሳተመው ስስ ልብ ወለድ ነበር። ጀርባው ላይ «ዋጋ 3 ብር ከ50» ይላል። ጣቴን እላዩ ላይ አድርጌ ሳሳየው «እሱ ያኔ ነው እህቴ፣ አሁን 400» አለ። ተከራክረን 300 ላይ ተስማማን።

ቤት ገብቼ ስገልጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማልረሳሽ ጓደኛዬ» የሚል አገኘሁ፣ ከሥሩ 1979 ዓ.ም.። ያልተረሳችው ልጅ መጽሐፉን እንዴት ከእጇ እንዳወጣችው እግዜር ይወቅ። ቀጥሎ የእርማት ሠንጠረዡ አለ። የዚያን ዘመን መጻሕፍት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገጽ፣ መስመር፣ ስሕተት፣ እርማት ብሎ ይደረድራል፣ አንባቢው ደግሞ አልፎት ይሄዳል። ይቺ ልጅ አላለፈችውም። እያንዳንዱን ስሕተት ያለበት ገጽ ድረስ ሄዳ በቀጭኑ ሰርዛ ከላዩ ትክክለኛውን ጽፋለች። ይሄ አልበቃ ብሏት ማተሚያ ቤቱ ያላያቸውንም አርማለች። ገጽ 61 ላይ ሰውየው ለፍቅረኛው «ያለ አንቺ አንድ ቀን አላድርም» ሲል ኅዳጉ ላይ «ውሸት!» ብላ አስፍራለች፣ ያውም ሁለት ጊዜ አስምራበት። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ትቼ እሷን ነው የተከተልኩት፤ የት እንደምትናደድ፣ የት እንደሚያሳዝናት፣ ለማን እንደምታዳላ። ገጽ 112 ላይ እርማቱ ድንገት ይቆማል። ወይ ሰልችቷታል፣ ወይ ታሪኩ ይዟት እስክሪብቶዋን ረስታዋለች። እኔ ይዟት ነው ባይ ነኝ። እኔንም የያዘኝ እዚያው አካባቢ ነው።

ስልኬ ላይ በቴሌግራም የተላኩልኝ ፒዲኤፎች ሞልተዋል። አልከፍታቸውም። አንደኛ ዓይኔን ይደክመዋል፣ ሁለተኛ ደራሲው ለፍቶ ጽፎ አምስት ሳንቲም ሳያገኝበት እኔ ጋ የደረሰ መጽሐፍ ይከነክነኛል። መጽሐፍ ውድ ሆኗል የሚለው ልክ ነው፣ እኔም አማርራለሁ። ለዚህም ነው አሮጌው ላይ የሙጥኝ ያልኩት።

ለማንበቢያ ከሁሉ የምወደው ቦታ የታክሲ ጋቢና ነው። ጠዋት ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ መንገዱ ሲዘጋጋ ሌላው ሰው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ገጽ እገልጣለሁ። አንድ ቀን ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ «መጽሐፍ ቅዱስ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ልብ ወለድ ነው።»

«እውነተኛ ታሪክ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

መልስ ስላልነበረኝ የደረስኩበትን አወራሁለት። ልጅቷ ሌላ ሰው ልታገባ ነው፣ የሚወዳት ልጅ ደግሞ አላወቀም፣ አውቶቡስ ላይ ነው። እያዳመጠኝ ይሁን እየነዳ አልገባኝም ነበር። መገናኛ ደርሰን ስወርድ ግን ወያላው «ሂሳብ ያልሰጣችሁ!» እያለ ሲጮህ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቆይ፣ ደረሰባት ወይስ አልደረሰባትም?» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ ብዬው ሄድኩ፣ ነገ ሌላ ታክሲ ያዝኩ።

ጸጥ ያለ ቦታ ግን አይሆንልኝም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግሩም ቤት ነው፤ ወጣቱ ሞልቶት ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ዙሪያዬ ያለው ሁሉ ለፈተና አጎንብሶ እኔ ብቻ የፍቅር ታሪክ ይዤ ስቀመጥ፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ የምጫወት ይመስለኛል። እናቴ ቤት ይሻለኛል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ቆሎ በሣህን አጠገቤ አድርጌ፣ ቢጠሩኝም አልሰማሁም ብል ያምኑኛል። እሑድ ቡና ሲፈላ አቦሉ የጨዋታ ነው፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሐሜቱም ይደራል። በረካው ሲደርስ ጎረቤቱ ይበተናል፣ ያቺን የቀጠነች ቡና የሚፈልጋት የለም። እኔ እሷን ይዤ ከአባቴ ጎን እቀመጣለሁ።

አባቴ ከ4ኛ ክፍል በላይ አልተማረም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን አንብቤዋለሁ ይላል። የሰማው በኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። አንብቤዋለሁ ሲል ደፍሮ ያረመው የለም፣ እኔም አላርመውም፤ ካነበቡት ሰዎች ይበልጥ ያውቀዋላ። አሁን የተረካውን ቅጂ ስልኬ ላይ ላጫውትልህ ስለው «አይ፣ አንቺ አንብቢልኝ» ብሎኝ በየእሑዱ ጥቂት ጥቂት ገጽ እያነበብኩለት ነው። ትዕግሥት የለውም እንጂ። «ቀስ በይ እንጂ! ወጋየሁ እንዲህ አልነበረም የሚለው።»

«ታዲያ እኔ ወጋየሁ ነኝ እንዴ አባዬ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። በይ ቀጥይ።»

ባለፈው እሑድ ጉዱ ካሣ ጋ ደርሰናል። እሱ ጋ ሲደረስ አባቴ መጽሐፉን በእጁ ከደን አድርጎ በቃሉ ይወርደዋል፣ እኔም በረካዬን እጠጣለሁ።