አንቺ ሆዬ በዲስቶርሽን፦ ደሴ ላይ የሮክ አልበም ስንቀዳ

ደሴ ላይ የሮክ አልበም እየቀዳን ነው ስንል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀን ስለ ዕቃ ነው፦ ማይኩ ምንድን ነው? ስቱዲዮው የት ነው? ሚክሱን ማን ይሠራዋል? ዕቃ በብርም በውሰትም ይገኛል። እኛን ለወራት ያስቀመጠን ቅኝት ነው፦ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ።

ጊታር የሚጀምር ልጅ ሁሉ ጣቱን የሚያፍታታበት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባል ባለ አምስት ኖታ መሰላል አለ። ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሚ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሚ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። እኛ ባቲ ማይነር የምንለው እሱኑ ነው። ስለዚህ በባቲ የሠራናቸው ዘፈኖች ብዙም ሳያስቸግሩ ወጡ፤ የብሉዝ ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመች የምትመታ አጭር የጊታር ሐረግ፣ ብትጫወትባቸውም ከድምፃዊው ጋር አትጋጭም። ጣጣው አምባሰል ላይ መጣ። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ከሥር ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ሦስት ኖታዎች) ሲያነጥፍበት ዘፈኑ ይለሰልስና የማንም ይሆናል። እኔ ያንኑ ኮርድ በጊታር፣ ድምፁን በሚያሻክረው በዲስቶርሽን ስመታው ደግሞ ይጨቀያል። ዲስቶርሽን ከእያንዳንዱ ኖታ ላይ ተጨማሪ ድምፆች ስለሚያወጣ፣ ሦስተኛዋ ኖታ ስትገባ እነዚያ ድምፆች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሮከሮች ፓወር ኮርድ የሚወዱት ለዚህ ነው፦ መነሻውና አምስተኛው (ለዶ ሶል ማለት ነው)፣ በቃ።

ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ከቅኝቱ ሳትወጣ የምትመታው ፓወር ኮርድ ሦስት ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ ዶ ላይ፣ ሬ ፍላት ላይና ፋ ላይ። ሶል ላይ ልምታ ካልክ ሬ ያስፈልግሃል፣ ሬ ደግሞ የለችም። አንቺ ሆዬ ይብሳል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። እዚህ ፓወር ኮርድ የሚወጣው ፋና ሶል ፍላት ላይ ብቻ ነው፤ መነሻው ዶ ራሱ አምስተኛ የለውም። በምትኩ ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት አለ፤ ሜታል ተጫዋቾች ሪፋቸውን ለማክበድ የሚፈልጉት ርቀት እሱው ነው። ሰርግ ላይ እስክስታ ስንወርድበት የኖርነው ቅኝት ለካ ከሁሉም የከበደው ነበር!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለን። ኪቦርዱን ከግማሹ ዘፈን አወጣነው። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ ኋላ ግን ከታች አንዲት ኖታ ብቻ ይዞ መቆየት ጀመረ፣ እኔም ሁለት ሦስት ኮርዶቼን ይዤ ቁጭ አልኩ። አልበሙ የኛ መምሰል የጀመረው ያኔ ነው። ድምፃዊውን በኦቶቲዩን አላረምነውም፤ ማሽኑ ወደ ፒያኖው አሥራ ሁለት ኖታዎች ይጎትተዋል፣ የወሎ እንጉርጉሮ ደግሞ በመሀላቸው ያልፋል። ድራመሩ በጆሮው እየሰማ የሚከተለውን የቺክቺካውን ክሊክ (የምት መቁጠሪያ) በስድስቱም ምት ስንሞላው ድራመሩ ወታደር ሆነብን። በሁለቱ ዋና ምቶች ብቻ ስናደርገው ተፈታ።

የቀዳነው ሆጤ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አቡጀዲ ኮርኒስ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድራም እንኳ መቅዳት አይቻልም፤ ሐምሌና ነሐሴን ለጽሑፍና ለልምምድ ተዉአቸው። ደሴ ላይ አዛኑም ቅዳሴውም በድምፅ ማጉያ ስለሚሰማ የድምፃዊውን ሰዓት በሁለቱ መሀል አመቻቸን። የቤቱ ባለቤት እማማ ቡና ይዘው መጥተው «አብሽሩ ልጆቼ፣ ምቱት። መግሪብ ሲሆን ግን ዝም በሉልኝ» አሉን። በኋላ የአንዱን ዘፈን ማብቂያ ያሳጠርነውም እሳቸው «ይኼ አያልቅም እንዴ?» ስላሉ ነው።

መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ሳውንድ ካርዱም ከላፕቶፑ ይመገባል፤ የሚሞተው የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፑ ነው። ስለዚህ ጊታሩን ሁልጊዜ በሁለት መንገድ ቀዳነው፦ አንዱን በአምፕና በማይክ፣ ሌላውን ጊታሩን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በሚያገናኝ ዲአይ ቦክስ በቀጥታ፣ ያለ ምንም ኢፌክት። መብራት ሲመጣ ደረቁን ቅጂ መልሰን ወደ አምፑ ላክነው። ጀነሬተር ግቢ ውስጥ ካለ ሲንግል ኮይል ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ያለው ጊታር ያንጎራጉራል፤ ሀምበከር፣ ማለትም ጉርምርምታውን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል ያለውን ተዋሱ።

አምፑ ፊት ያቆምነው ሹር ኤስኤም 57 ነው፤ በዓለም ላይ ለጊታር አምፕ ይኼን ያህል የተለመደ ማይክ ያለ አይመስለኝም። ከስፒከሩ መሀል ሁለት ጣት ወደ ዳር ስታርቀው የሚያቃጥለው ድምፅ ይበርዳል። ኢኳላይዘር (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያውን) ከመንካት በፊት ማይኩን አንቀሳቅሱ። ሪትም ጊታሩን ሁለቴ ተጫውቼ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አደረግን። ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ሁለቱ ፍጹም አንድ ከሆኑ ጆሮ ከመሀል እንደመጣ ነው የሚሰማው። በ24 ቢት ስለምንቀዳ ድምፁን እስከ ጫፍ መግፋት አላስፈለገንም፤ ከፍተኛው ጫፍ ድምፁ ከሚሰበርበት ከዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል አድርገን ተውነው።

ሚክሱን የፈተንነው ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ነው። ሹፌሩን ለምነን ፍላሹን ሰካን። ሐረጎን እየወረድን ሳለ ሹፌሩ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝና «ወንድም፣ ቤዙን ቤት ረስታችሁት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሽ ስፒከር የቤዙን ዋና ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ቤዙን ከፍ ብታደርገውም ስፒከሩን ከማንቀጥቀጥ በቀር ትርፍ የለውም። ቤዙ ላይ ስስ ዲስቶርሽን ጨመርን፤ ከላይ የሚወጡት ተጨማሪ ድምፆች በሚኒባስም በስልክም ይሰማሉ፣ ጆሮም የጎደለውን የታች ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ውድ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) ከመግዛታችሁ በፊት ታክሲ ተሳፈሩ።

ማስተሪንግ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ላይ «ከሁሉም የሚጮህ ይሁን» የሚል አባል አይጠፋም። ዩቲዩብ ከኔጌቲቭ 14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ድራሙን ጨፍልቀህ ያተረፍከው ጩኸት እዚያ ሲደርስ ይወሰድና ጭፍለቃው ይቀርልሃል።

አንድም ዘፈን ሳይለቀቅ ስምምነት ጻፍን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲን መብት ከተጫዋቹና ቀረጻውን ካዘጋጀው መብት ለይቶ ነው የሚያየው፤ እኛም ወረቀቱን እንደዚያው ለያይተን አዘጋጀነው። ጓደኛሞች ስለሆንን አያስፈልግም ያለ ነበር። እኔ ግን ባንድ የሚፈርሰው ብር ሲመጣ ነው ባይ ነኝ። በሁለት ዘፈን መሰንቆ የመቱልን አባት ወረቀቱ ሲነበብላቸው ጸጥ ብለው አዳምጠው «ፐርሰንቱ ይቅርብኝ፤ ብሩን ዛሬ ስጡኝ፣ ስሜን ደግሞ ከጊታሩ በላይ ጻፉት» አሉ። ሁለቱንም አደረግን።