ቀኑ ያለፈበት ባዮሎጂ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ወይ ነርሲንግ ጨርሷል፣ ወይ እየተማረ ነው፣ ወይ «ሴፕቴምበር ላይ እጀምራለሁ» እያለ ነው። እኔ ከሦስተኞቹ ነበርኩ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ምዝገባ ሲከፈት የአክስቴ ልጅ «አናቶሚን ያዢ፣ ሌላው ይደርሳል» አለችኝ። ልይዝ ስነካው ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ዱብ፦ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) አልተሟላም።

አናቶሚ ባዮሎጂን ይፈልጋል፣ ያውም ውጤቱ ከ«ሲ» ያላነሰ። ባዮሎጂ ለኢንግሊሽ 101፣ ለኮሌጁ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ ብቁ መሆንን ይፈልጋል። እሱ ደግሞ የምደባ ፈተና። ወደ ፊት ልሂድ ባልኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ይመልሰኛል፤ ትንሽ ብገፋበት ሀሁ ሊያስቆጥረኝ!

«ኧረ እኔ ባዮሎጂ አገር ቤት ወስጃለሁ!» ብዬ አማካሪዋ ጋ ገባሁ። ደግ ሴት ናት። ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራር በቀጥታ ለገምጋሚ ድርጅት ይላክ፣ እያንዳንዱ ኮርስም ለየብቻ ይገምገም አለች። ምስኪን ወንድሜ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰለፈ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና፤ ማኅተም የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። በስንት መከራ ተላከ። ባዮሎጂ፦ ቢ! እልል ልል ስል አማካሪዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ለነርሲንግ የሳይንስ ኮርስ 5 ዓመት ካለፈው እዚህ አይቆጠርም። ባዮሎጂዬ እንደ እርጎ ቀኑ አልፎበታል። ያኔ ልብ አራት ክፍል ነበረው፤ ዘንድሮ ስንት እንደደረሰ እንጃ።

እሺ፣ እንደ አዲስ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ባዮሎጂን ልይዝ ቁጭ አልኩ። ሌክቸሩን ስነካ «ላብ አልያዝሽም» ይለኛል፤ ላብ ማለት ቤተ ሙከራው። ላቡን ስነካ «ሌክቸር አልያዝሽም»። ለካ ሁለቱን አንድ ላይ መርጦ አንዴ መጫን ኖሯል! ይህን የነገረኝ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ነው፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል።

ተደምሮ 11 ክሬዲት ሆነ። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ያስፈልጋል፤ የገንዘብ እርዳታውም በዚያ ልክ ነው የሚሰላው። ለአንዲት ክሬዲት ስል ካታሎጉን አገላበጥኩ። የሚቆጠርልኝ፣ ከሌሊት ሥራዬ ጋር የማይጋጭ፣ ቦታ ያልሞላበት፣ ፕሪሪኩዚት የማይጠይቅ አንድ ብቻ ተገኘ፦ ካራቴ ለጀማሪዎች።

ቅዳሜ እናቴ ደወለች። ጎረቤቱ ቡና ላይ ነው፣ የስኒው ኳኳታ ይሰማኛል።

«ነርሷ ልጄ! ስፒከር ላይ አድርጌሻለሁ፤ እስቲ ምን እየተማርሽ እንደሆነ ንገሪያቸው።»

«ባዮሎጂ፣ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብ... ካራቴ።»

ዝም ተባለ። ከዚያ አንዷ ጎረቤት፣ «ካራቴ ደግሞ ለነርስ ምን ያደርግላታል?»

እናቴ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ «መርፌ እምቢ የሚል ሲመጣባትስ?»