የመግቢያ ኬሚስትሪ ጥያቄዎችን እንዴት እንደተለማመድሁ፣ አቋራጩ ቀመርም እንዴት እንዳሳሳተኝ

ብዙ ጥያቄ መሥራት ብቻውን ኬሚስትሪ ያስተምራል ከሚሉ ሰዎች ጋር አልስማማም። እኔ ብዙ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውንም በትክክል መልሻለሁ፤ ነገር ግን ከሠራኋቸው መልመጃዎች ከፊሎቹ የተሳሳተ አሠራር ያስለመዱኝ ነበሩ፤ ይህንንም አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የአሃድ ቅየራ፣ የቀመር አጻጻፍና እኩልታ ማመጣጠን በድግግሞሽ የሚለመዱ ናቸው። የሊሚቲንግ ሪኤጀንት (ቀድሞ አልቆ የምርቱን መጠን የሚወስነው ነገር) ጥያቄም ሁሉን ነገር ወደ ሞል፣ ማለትም ወደ ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ፣ ለሚለውጥ ሰው አያስቸግርም። 28.0 ግራም ናይትሮጅንና 9.0 ግራም ሃይድሮጅን አሞኒያ ሲሠሩ፣ በግራም ያነሰው ሃይድሮጅን ቀድሞ የሚያልቅ ይመስላል። በሞል ሲታይ ግን ናይትሮጅኑ 1.00 ሞል ያህል፣ ሃይድሮጅኑ 4.5 ሞል ገደማ ነው፤ ለአንድ ሞል ናይትሮጅን የሚያስፈልገው 3 ሞል ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅኑ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ታይትሬሽን ላይ፣ ማለትም አንድን ሙሙት ጥንካሬው ከታወቀ ሌላ ሙሙት ጋር እያዋሐዱ ጥንካሬውን በመለካት ላይ ነው። የታደለን የመልመጃ ጽሑፍ የዳይሉሽንን (የማቅጠንን) ቀመር፣ ማለትም የመጀመሪያው ሞላሪቲና (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ሞል) የፈሳሹ መጠን ብዜት ከሁለተኛው ሞላሪቲና መጠን ብዜት ጋር እኩል ነው የሚለውን፣ ያለ ምንም ማሳሰቢያ ለታይትሬሽንም ይጠቀምበት ነበር። ውሃ ጨምሮ ለማቅጠን ቀመሩ እውነት ነው፤ ውሃ በመጨመሩ የሟሟው ነገር ሞል አይለወጥምና። በታይትሬሽን ግን የሚገናኙት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ የሞል ብዛታቸው እኩል የሚሆነው በተመጣጠነው እኩልታ ውስጥ አንድ ለአንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ የጽሑፉ ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር የሚያገናኙ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ለአንድ ስለሚዋሐዱ የተሳሳተው አሠራር ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህም በተለማመድሁ ቁጥር በስሕተቱ ላይ ያለኝ እምነት እየጠነከረ ሄደ።

ፈተናው ላይ የመጣው ሰልፈሪክ አሲድ ነበር። 25.0 ሚሊሊትር አሲድን ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ለማድረግ 0.100 ሞላር የሆነ 40.0 ሚሊሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢያስፈልግ፣ አቋራጩ የአሲዱን ሞላሪቲ 0.160 ያደርገዋል። በሞል ስንሄድ ግን ቤዙ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ፣ 0.00400 ሞል ነው፤ አንድ ሞል ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሞል ቤዝ ስለሚፈልግ አሲዱ 0.00200 ሞል ይሆናል፤ ይህም ለ0.0250 ሊትር ሲካፈል 0.0800 ሞላር፣ ማለትም የአቋራጩ መልስ ግማሽ ነው። ቅሬታዬን ሳቀርብ «መጀመሪያ እኩልታውን መጻፍ ነበረብህ» ተባልሁ፤ ያ ጽሑፍ ግን በታይትሬሽን ምሳሌዎቹ ውስጥ አንድም እኩልታ አልጻፈም። ነገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ አቋራጩን ለታይትሬሽን ፈጽሞ ተውሁት፤ ሌላውም እንዲተወው እመክራለሁ፤ የሚቆጥበው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነውና። ምዕራፎችን በቅደም ተከተል ሥሩ የሚለውንም ምክር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አልከተልም፤ «ታይትሬሽን» ከሚል ርእስ ሥር የተቀመጠ ጥያቄ የትኛው ስሌት እንደሚያስፈልግ ራሱ ስለሚናገር፣ የሁሉንም ምዕራፍ ጥያቄዎች ቀላቅሎ መሥራት ይሻላል። አንድ ለአንድ የማይዋሐዱትን፣ ለምሳሌ ፎስፎሪክ አሲድንና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን፣ ሆን ብዬ እየፈለግሁ እሠራ ነበር።

መልስ አትዩ የሚባለውንም አልቀበልም። እኔ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደጨረስሁ አያለሁ፤ ሲለያይብኝም አሠራሩን ከማንበቤ በፊት የእኔን መልስ ለትክክለኛው አካፍላለሁ። ውጤቱ ሁለት፣ ሦስት ወይም ግማሽ ከሆነ የእኩልታውን ቁጥሮች እንደገና አያለሁ፤ አንድ ሺህ ከሆነ ሚሊሊትሩን ወደ ሊትር አልቀየርሁም ማለት ነው፤ ልዩነቱ በመጨረሻው አሃዝ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመሐል አጠጋግቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደገና አልሠራውም።