ጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ

ከወለንጪቲ ወደ ዶኒ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ በአንድ ቀን ሁለት ጎማ ተቀደደብኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ስኮርታውን ቀይሬ ቀጠልኩ። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነው። ስኮርታ የለ፣ ጥላ የለ፣ ኋላ ላይ ደግሞ የሰው ፓምፕ ተጭኗል። ረዳቴ ጎማውን አቅፎ ባገኘው አይሱዙ ወለንጪቲ ሄደ። እኔ መኪናው ሥር ባለችው ጥላ ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ጠበቅኩት።

ጎሚስታው ግን ባዶ እጁን መለሰው። «ጥርሱ ላይ ቢሆን እለጥፍልህ ነበር፤ ጎኑ ከተቀደደ አይሠራም» ብሎታል። እውነቱን ነው። የጎማ ጎን እየተለጠጠና እየተጨማደደ ነው የሚሄደው፣ የተለጠፈ ነገር አይዝም። የዚያን ቀን በተዋስነው ጎማ ገባን።

የቆረጠውን ድንጋይ አንስቼ አየሁት። ባልጩት ነው። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ፣ ድሮ ቆዳ የሚፋቅበት ድንጋይ። የኛ አካባቢ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተፋው መሬት ነው፤ ከአዳማ ወጣ ካልክ ባልጩቱም የግራር እሾሁም አይጠፋም። የኔ ጎማ ደግሞ ለአስፋልት የተሠራ ኤችቲ የሚባለው ዓይነት ነበር። ጎኑ ስስ ነው።

ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ መግጠምና መጠገን ነው። ደንበኞቼ ከአዋሽ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው፤ በወንጂ፣ በመልካሳ፣ በዶኒ። አንዳንዴም አሰላ እወጣለሁ። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ የገዛሁት በ2016 ዓ.ም. ነው፣ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ። ማታ ቤት ሰክቼ አድራለሁ፣ ጠዋት ሞልታ አገኛታለሁ። የናፍጣ ሰልፍ ቀርቶልኛል። በመኪናዋ ደስተኛ ነኝ። ጎማ ግን ትበላለች።

ለምን እንደምትበላ ቆይቶ ነው የገባኝ። አንደኛ ከባድ ናት፤ ባትሪው ሆዷ ሥር ተዘርግቶ ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች። ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ፔዳሉን ገና ስትነካው ጉልበቱን ባንዴ ነው የሚሰጠው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እግርህን ከፔዳሉ ስታነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የኔ መኪና ሞተሯ ኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ መግፋቱም መያዙም የሚያርፈው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። በ27,000 ኪሎሜትር የኋላዎቹ ሙልጭ ብለው ሲያልቁ የፊቶቹ ገና ግማሽ ጥርስ ነበራቸው። እያቀያየርኩ ብነዳ ኖሮ አራቱም እኩል ያልቁ ነበር። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዶኒው ቀን በኋላ ተናድጄ ነው ጎማ ልገዛ የወጣሁት። ተናዶ ገበያ መውጣት ጥሩ አይደለም። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማይቀደድ ጎማ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ጥርሱ ትልልቅ፣ ጎኑ እንደ ግድግዳ የጠነከረ፣ ኤቲ የሚባለውን ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠራ ጎማ አወጣልኝ። አሥር ንጣፍ ነው አለኝ። ያምራል። መኪናዋ ላይ ሲታሰብ ደግሞ የበለጠ ያምራል። የተሠራበትን ጊዜ ስጠይቀው ጎኑ ላይ ያለችውን ሞላላ ክብ በጣቱ አሳየኝ። 3417 ትላለች። «ይኸው የ17 ነው አለቃ፣ የዘንድሮ፣ ትኩስ!» አለኝ። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነበር። አመንኩት። ሁለት ለኋላ ገዛሁ።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። ያቺ አራት አሃዝ የመጀመሪያ ሁለቷ ሳምንት፣ የመጨረሻ ሁለቷ ዓመተ ምሕረት ናት። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 3417 ማለት በፈረንጆቹ 2017፣ 34ኛው ሳምንት ማለት ነው። በኛ ሲቆጠር ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ይመጣል። እንግዲህ ትኩስ ብዬ የገዛሁት ጎማ ሰባት ዓመት ተኩል ያለፈው ነበር። ልጁ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አላውቅም፤ እኔ ግን ቆጥሬ ማረጋገጥ እችል ነበር። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል። በሦስተኛው ወር ጥርሶቹ መሃል ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አየሁ። ጥፍሬን ስከትባቸው ይከፈታሉ።

ስንጥቁ ባይኖር እንኳ ጎማው ለኔ አልሆነም። አስፋልት ላይ 80 ስነዳ ያጉረመርማል። የነዳጅ መኪና ቢሆን የሞተሩ ድምፅ ይሸፍነው ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ግን ሌላ ድምፅ ስለሌለ ጎማው ብቻውን ያወራል። ከሁሉ የባሰው ግን ባትሪው ነው። ዶኒ ደርሼ ስመለስ ድሮ የሚተርፈኝ አይተርፈኝም ጀመር።

ይሄን የነገርኳቸው ቤቴ አጠገብ ያሉ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው። ጎማውን በእጃቸው ዳሰሱ። ገና መግባቴ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ይፋጃል» አሉኝ። እኔም ዳሰስኩት። ጎኑ ከፊቶቹ ይልቅ ይሞቃል። «ስንት ነው ያስሞላኸው?» በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 240 ኪሎፓስካል ይላል፣ ማለትም 2.4 ባር፤ ያንኑ ነው ያስሞላሁት። «እሱ የበፊቱ ጎማህ ልክ ነው» አሉኝ።

የገዛሁት ኤልቲ የሚባል፣ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ዓይነት ነው። ብዙ ይሸከማል፤ የሚሸከመው ግን አየሩ ከፍ ሲል ነው። እንዲህ ያለው ባለ አሥር ንጣፍ ጎማ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ክብደት የሚችለው እስከ 5.5 ባር ሲሞላ ነው። በ2.4 ባር ከተራው ጎማ ያነሰ ሊሸከም ይችላል። ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ አየር ሲያንሰው አይጎብጥም፤ በዓይን አይታወቅም። ውስጥ ለውስጥ ይሞቃል፣ ጉልበት ይበላል። አየር ጨመርንበት። ሙቀቱ ቀነሰ፤ ግን ባዶዋን ስነዳ እንደ ጋሪ ታንቀጠቅጠኝ ጀመር። ያኔ ጎማውን ለመለወጥ ወሰንኩ።

በሁለተኛው ዙር አልተጣደፍኩም። ከዋጋው በፊት የጎማውን ጎን ማንበብ ጀመርኩ።

የኔ ልክ 265/65አር17 ነው። 265 ወርዱ በሚሊሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር) በኢንች። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ከሱ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር ግን የሚያነባት ጥቂት ሰው ነው። የድሮዬ ላይ 112 ትላለች። 112 ማለት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። መኪናዋ፣ ፓምፑ፣ ቧንቧው፣ እኔና ረዳቴ ተደምረን 3 ቶን እንጠጋለን። አብዛኛው ኋላ ላይ ቢያርፍ እንኳ በአንድ የኋላ ጎማ 900 ኪሎ ግድም ነው። ስለዚህ 112 ይበቃኛል። ከ112 በታች ያለ ጎማ ግን ከመጀመሪያው አላይም፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ፣ ለኔ ከባድ መኪና አይሆንም።

ከዚያ በመነሳት ሁለት ላይ ቀረሁ። አንዱ ቢኤፍ ጉድሪች ኬኦ2 ነው። 120/117ኤስ ይላል፤ መጨረሻ ያለችው ፊደል የፍጥነት ልክ ናት። 120 ማለት 1,400 ኪሎ ነው፤ 117 ደግሞ ጎማው ጥንድ ሆኖ ሲገጠም ነው፣ እኔን አይመለከተኝም። ጎኑ ወፍራም፣ ለድንጋይ የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው። ሌላው ዮኮሃማ ጂኦላንደር ጂ015 ነው፣ 112ኤች። ኤቲ ነው፤ ግን ጥርሱ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ለአስፋልትም የሚመች። አንዳንዱ ሻጭ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክቷን እያሳየ ዋጋ ሊጨምር ይሞክራል። እሷ ለበረዶ አገር ናት። ለአዳማ ሰው የሙቀት ደረጃው ይበልጥበታል፤ ተራው ዓይነት ጎማ ላይ ከኤ እስከ ሲ ይጻፋል፣ ኤ የተሻለው ነው።

ባለሱቁ ጥሩ ሰው ነበር። ጂ015ን ተሸክሜ ማዶ ካለው የሽንኩርት መጋዘን እንድመዝነው ፈቀደልኝ። የመጋዘኑ ልጆች ጎማ ሚዛን ላይ ሲወጣ አይተው አያውቁም፣ ተሰበሰቡ። ከዚያ የኔን ከባዱን አስፈትቼ ያለ ቸርኬ አስመዘንኩት። ከ4 ኪሎ በላይ ይበልጣል። አራት እግር ላይ ሲታሰብ ብዙ ነው። ኬኦ2ም ከዚያው ከከባዱ ወገን ነው። ድንጋይ ላይ ውዬ ድንጋይ ላይ የማድር ብሆን እሱን እገዛ ነበር፣ ያለ ጥርጥር። የኔ መንገድ ግን ከአሥር ሰባት እጁ አስፋልት ነው። ጂ015ን አራት ገዛሁ። አራቱንም ቁጥራቸውን አይቼ፣ በፈረንጅ ዓመት ቆጥሬ።

ሲገጠም አንድ ነገር ሊበላሽ ነበር። ሌላ ወጣት ጎሚስታ ክሪኩን ስቦ መሃል ሆዷ ሥር ሊያስገባ ሲል ጮህኩበት። እዚያ ያለው ባትሪው ነው። ክሪክ የሚገባው አራቱ ማዕዘን ላይ በተለዩት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ባትሪው ላይ ቢያርፍ የሚጎዳው የመኪናዋ ትልቁ ሀብት ነው። ከዚያ ወዲህ አራቱንም ቦታ በነጭ ቀለም አስምሬባቸዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ዛሬውኑ አስምሩ። የትም ገጠር ጎማ ቢፈነዳባችሁ፣ እናንተ ባትኖሩም፣ ቀለሙ ይናገራል።

ለማወዳደር የመረጥኩት መንገድ ከአዳማ አሰላ ደርሶ መልስ ነው፤ ባዶዋን፣ በ70 እና በ80 መካከል። ጠዋት 12 ሰዓት ነው የምነሳው፣ ምክንያቱም የአዳማ ነፋስ ሲበረታ ቁጥሩን ያበላሸዋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በ100 ኪሎሜትር ባለቀው ኤችቲ 22 ኪሎዋት ሰዓት ወሰደች። በከባዶቹ፣ አየሩ ትክክል ባልነበረበት ጊዜ፣ 25። በጂ015 ደግሞ 23 ተኩል።

እነዚህን ቁጥሮች ግን እንዳሉ አትውሰዷቸው፤ እኔም መጀመሪያ ተሳስቼባቸዋለሁ። ያለቀ ጎማ ጥርስ ስለሌለው ቀለል ብሎ ይንከባለላል። አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ በላይ ይበላል። ሌላም አለ። ጥርሱ 7 ሚሊሜትር ያለቀ ጎማ በኔ ልክ ዙሪያው ወደ 2 በመቶ ያንሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል፤ መኪናዋም ያልሄደችውን መንገድ ትቆጥራለች። አዲስ ጎማ ሲገባ ያ ትርፍ ይጠፋና ባትሪው የቀነሰ ይመስላል። እኔ አሁን ርቀቱን የምወስደው ከስልኬ ካርታ ነው። እንዲህ ሳስተካክለው በድሮውና በጂ015 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ግድም ብቻ ሆነ። ለጠጠርም ለሚሆን ጎማ ይሄን በደስታ እከፍላለሁ።

አሁን 16,000 ኪሎሜትር ሄጄባቸዋለሁ። በየ8,000 አቀያይራለሁ፤ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደፊት ይመጣሉ፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ፓምፕ በምለካበት ካሊፐር ጥርሳቸውን እለካለሁ። እስካሁን በጣም ያለቀው 2.3 ሚሊሜትር ቀንሷል፣ ትንሽ ያለቀው 2.1። ስጭን የኋላዎቹን 2.8 ባር አስሞላለሁ፣ ባዶ ስሆን ወደ 2.4 እመልሳለሁ። ዶኒ ስሄድ ከ40 አላልፍም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ የግራር እሾህ ገብቶብኛል፣ ጥርሱ ላይ። ሽማግሌው ጎሚስታ ሙጫ የነካ ክር ሰክተውበት በአሥር ደቂቃ ጨረሱ። ገንዘብ ስሰጣቸው ሆዷ ሥር ጎንበስ ብለው ስኮርታውን አዩ። «ይሄስ?» አሉኝ። ስኮርታው ከፊት የተረፈው ያ ግማሽ ጥርስ ያለው አሮጌ ኤችቲ ነው። ዶኒ መንገድ ላይ የሚያወጣኝ እሱ ነው። አምስተኛ ጂ015 ለባለሱቁ ነግሬያለሁ፣ ሲመጣለት ይደውልልኛል።