ከምናለሽ ተራ የገዛሁትን ቡፌ በቀለም እንዴት እንዳደስኩት

በአዲስ አበባ ያገለገለ የቤት ዕቃ የሚፈልግ ሰው መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን ሳያይ አይመለስም፤ እኔም ቡፌውን የገዛሁት ከዚያ ነው። ዋጋ ከመከራከሬ በፊት የመረመርኩት የተላላጠውን ቀለም ሳይሆን ከሥሩ ያለውን እንጨት ነበር። መሳቢያውን አውጥቼ ያልተቀባውን የውስጥ ጎን ስመለከት፣ አካሉና የላይኛው ጠፍጣፋ ዋንዛ፣ ጀርባው ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የሚሠራ ጣውላ)፣ ከሁለቱ በሮች አንዱ ደግሞ ዘግይቶ በቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ በሚሠራ ጣውላ) የተተካ መሆኑን ተረዳሁ። በአንደኛው እግር ላይ የነቀዝ ቀዳዳዎች ቢታዩም እግሩን ደጋግሜ ስመታው አዲስ ዱቄት አልረገፈም። ረግፎ ቢሆን ኖሮ በነጻ ቢሰጠኝ እንኳ አልወስደውም ነበር፤ ነቀዝ ወደ ሌላው የቤት ዕቃ ይዛመታልና።

ዋንዛን ከላይ እስከ ታች በቀለም መሸፈን፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለ በቂ ምክንያት ሊደረግ አይገባም። የእንጨቱ መልክ በራሱ ውበት ነው። ሆኖም አንዱ በር ቺፑድ ስለሆነና ጎኖቹም ብዙ ጥገና ስላለባቸው፣ አካሉንና በሮቹን ቀብቼ የላይኛውን ጠፍጣፋ በቫርኒሽ ብቻ ለመተው ወሰንኩ። አንድ አረጋዊ አናጺም ይህንኑ መከሩኝ፤ «የታመመውን ሸፍን፣ ጤነኛውን አሳይ» ነበር ያሉኝ።

ከሁሉም በላይ የተጠነቀቅሁት አሮጌውን ቀለም ሳነሳ ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን የሊድ (መርዛማው ብረት፣ እርሳስ) መጠን የሚገድበው ደንብ የወጣው በ2010 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ሊድ ሊኖረው ይችላል ብሎ መነሣት ይሻላል። ሊድ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ ልጆችን ከአካባቢው አርቄ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እንጨቱን በውሃ እያረጠብኩ ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ አቧራውንም ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ አነሣሁት። ቀለሙን በእሳት ለብልቦ ማንሳት ፈጣን ቢመስልም የሊድ ጭስ ስለሚያስነሣ ፈጽሞ አልመክረውም።

ቺፑዱን ግን በውሃ አልነካሁትም፤ ጠርዙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም አይመለስም። እሱን በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በራሰ ጨርቅ ወልውዬ ጠርዙን በዘይት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ደጋግሜ ዘጋሁት። በሌላው ክፍል ላይ የዓመታት የወጥ ቤት ቅባት ስለነበረ፣ ከመፈግፈጌ በፊት በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ ቅባት ሳይወገድ የተፈገፈገ እንደሆነ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ እንጨቱ ያስገባዋል። ስንጥቁንና የነቀዙን ቀዳዳ በስቱኮ ሞላሁ፤ በ120 ቁጥር ወረቀት አስተካክዬ በ220 አለሰለስኩ፤ ከዚያ ፕራይመር ቀባሁ።

በቀለም ምርጫ ረገድ ብዙም የማይነገር አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ስለዚህ የቡፌውን ውስጥ በውሃ ቀለም፣ እጅ የሚበዛበትን ውጩን ደግሞ በዘይት ቀለም ቀባሁት። በጣም የሚያብለጨልጨውን ዓይነት ሆን ብዬ ተውኩት፤ እያንዳንዱን የስቱኮ ጠባሳ ያጋልጣል። ቀለሙን በጥቂት አኳራጅ አቅጥኖ በስሱ ደጋግሞ መቀባት፣ አንዴ በወፍራሙ ከመቀባት ይሻላል፤ ወፍራሙ ከላይ ቆዳ ያወጣና ከሥር ሳይደርቅ ይቆያል። በክረምት አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ስለሚሆን መድረቁ ይዘገያል፤ እኔም ሥራውን እስከ ጥቅምት አቆይቼዋለሁ። ቀለሙ ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት ስላልሆነ፣ በሮቹን ለመዝጋትም ሆነ ሳህን ለመደርደር ለሳምንታት መታገሥ ይገባል፤ አለዚያ ቀለሙ ከነካው ሁሉ ጋር ይጣበቃል።

ማጠፊያዎቹንና እጀታዎቹን ከመነሻው በካቻቪቴ ፈትቼ ለየብቻ አስቀምጬ ነበር፤ እጀታዎቹ ነሐስ ስለነበሩ በሎሚና በጨው ፈትጌ መልሼ ገጠምኳቸው። የዘይት ቀለምና የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ጨርቆቹን ወዲያው ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬያቸዋለሁ። በወረፋ ላይ ያሉት ወንበሮች ቀጫጭን እግሮች ስላሏቸው ለብሩሽ አይመቹም፤ እነሱን ቀለም በመርጫ መሣሪያ ወደሚረጭበት ቤት ለመውሰድ አስቤያለሁ።