በልጇ ጥላ ሥር፦ ከማሃባራታ ጋር ሦስተኛ ወሬ

ለአጭር ልቦለድ ሐሳብ ፍለጋ ማሃባራታን ማንበብ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። 18 መጻሕፍት ያሉት የሕንዶች ታላቅ ግጥም ነው፤ ገና አልጨረስኩትም። በዚህ ወር አንድ ቦታ ላይ ደርሼ መላቀቅ አቃተኝ። እሱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የጦር መሣሪያ ስለቅም ነው የቆየሁት። አንዴ ብቻ የሚወረወር ጦር፣ ከሰውነት ጋር አብሮ የተወለደ ጥሩር፣ ደብተሬ በእነዚህ ሞላ። ሁለት ታሪክም ጻፍኩ። ሁለቱም ነፍስ አልነበራቸውም። ጦሩ አለ፤ ወርዋሪው ግን ምን እንደሚያንገበግበው እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ካርና ጋ ደረስኩ። እናቱ ኩንቲ ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ ከሱርያ ወለደችው። ሰው እንዳይሰማባት ብላም በሣጥን አድርጋ ለወንዝ ሰጠችው። የሙሴን ታሪክ እየሰማን ላደግን ሣጥኑ እንግዳ አይደለም። ካርናን ያሳደጉት ግን ሠረገላ ነጂና ሚስቱ ናቸው። ሲያድግ፣ የኩንቲ አምስት ልጆች የሚባሉት ፓንዳቫዎች ወንድሞቹ መሆናቸውን ሳያውቅ፣ ከጠላታቸው ከዱርዮዳና ጎን ቆመ።

ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ኩንቲ ልትለምነው ወደ ጋንጅስ ዳር ወረደች። ካርና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ይጸልያል። አላቋረጠችውም። ከኋላው ቆማ ጠበቀች። ፀሐዩ ሲበረታባት በልብሱ ጥላ ተጠለለች። እሱ ደግሞ ጀርባው እስኪግል ድረስ አልዞረም።

ይህችን ቦታ ደጋግሜ አነበብኳት። እናት በጣለችው ልጅ ጥላ ሥር ቆማለች፤ የሚያቃጥላት የልጁ አባት ነው። ገና አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ሲዞር ለመነችው፤ ጎራ አልቀይርም አላት። አንድ ቃል ግን ገባላት፤ ከአምስቱ ወንድሞች ከአርጁና በቀር ማንንም አይገድልም። ወይ አርጁና ወይ እሱ ይቀራል፤ የልጆቿ ቁጥር ከአምስት አይጎድልም። በጦርነቱ አራቱን በየተራ አሸንፎ ለቀቃቸው። በ17ኛው ቀን የሠረገላው ጎማ መሬት ውስጥ ተቀረቀረ። ሊያወጣው ሲታገል አርጁና ገደለው። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ! እዚህ ቃሉን የጠበቀውም፣ የጠፋውም ያው የተወለደው ልጅ ነው።

አሁን ደብተሬ ላይ የምጽፈው ቃል ኪዳኖችን ነው። ማን ለማን ምን ብሎ ማለ? መቼ ያስከፍለዋል? በዚሁ ግጥም ያለው ልዑል ቢሽማ፣ አባቱ የወደዳትን እንዲያገባ ብሎ ዙፋኑንም ትዳርንም ሊተው ማለ፤ ከእሱ መሐላ ብቻ ሦስት የታሪክ ሐሳብ አወጣሁ። የአማልክቱን ስም ግን በራሴ ልቦለድ ውስጥ ላለማስገባት ወስኛለሁ። ዛሬም በእምነት የሚያነበው ብዙ ሕዝብ አለ፤ የሰው ጸሎት ለእኔ ማጣፈጫ እንዲሆን አልፈልግም።

ሦስተኛዋ ታሪኬ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ናት። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማለች፤ ሰፊው ጀርባውን ሰጥቶ መኪናውን ይረግጣል። ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ገና ዞሮ አላያትም።