ቀለም አልይዝ ያለኝ ላሜራ

በጥር የሠራሁት የግቢ በር ክረምቱ ሲወጣ አስጠራኝ። የበሩ ባለቤት እማማ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ የቀለሙን ጫፍ በጥፍራቸው ይዘው ሳብ አደረጉት፤ መዳፍ የሚያህል ልጣጭ ሆኖ መጣ። «ልጄ፣ ይኼ ቀለም ነው ላስቲክ?» አሉኝ። ከሥሩ ያለው ላሜራ ዝገት የለበትም፤ የልጣጩ ጀርባ ግን ያሟልጫል።

ቀለሙን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ጋልቫናይዝድ ላሜራ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ ከተቀባ፣ እርጥበት ሲገባ ዚንኩ ከቀለሙ የዘይት አሲድ ጋር ተዋህዶ በመሃላቸው የዚንክ ሳሙና ይፈጠራል። ሳሙና ላይ ምን ይያዛል? በዚያ ላይ ፋብሪካዎች ላሜራው ተደራርቦ ሲቀመጥ ነጭ ዝገት (የዚንክ ዝገት) እንዳያወጣ በክሮሜት (በክሮሚየም ኬሚካል) ወይም በዘይት ስለሚያክሙት ቀለም ይባስ አይይዘውም።

የድሮውን ቀለም ልጬ በፈሳሽ ሳሙና አጠብኩት። ውሃ ሲደፋበት ጠብታ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለ ማለት ነው፤ ሳይቆራረጥ ተዘርግቶ እስኪወርድ ደጋገምኩ። የመፍጫ ዲስክ አላስነካሁትም። በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ያለው ላሜራ እንኳ በአንድ ፊቱ የያዘው 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) አካባቢ ነው፤ ዲስክ ወዲያው ይጨርሰዋል።

ከዚያ ለዚንክ ተብሎ የተዘጋጀ፣ መዳብ ያለበት የፎስፎሪክ አሲድ ማጠቢያ ቀባሁ። ይህን የወደድኩት ሥራውን ስለሚያሳይ ነው፤ ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ ብርማው ገጽ ዓይኔ እያየ ይጠቁራል። ማጠፊያው አጠገብ አንድ ጥግ ብቻ ነጣ ብሎ ቀረ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው የጣት አሻራ፣ የራሴ ቅባት። አጥቤ ስደግመው ጠቆረ። አሲዱ ዚንክ ሲበላ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሥራው ደጅ ነው፤ ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ አጠገቡ ብየዳ የለም።

አንድ ወዳጄ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨርሰው ብሎኝ ነበር። እባካችሁ አታድርጉት። ዚንኩን ይልጠዋል፤ የሚተወው ክሎራይድ የሚባል ጨውም ከቀለሙ ሥር ሆኖ ዝገት ይጠራል።

አለቅልቄ፣ አድርቄ፣ ጤዛ ሳያገኘው በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ከላዩ ቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ) ቀባሁ፤ የላዩን ቀለም በማግስቱ።

አሁን ከእያንዳንዱ በር ጋር አንድ ቁራጭ ላሜራ አብሬ አክሜ እቀባለሁ። ሲደርቅ በምላጭ መስቀለኛ እጭረውና ፕላስተር ለጥፌ በኃይል እነቅለዋለሁ። ፕላስተሩ ንጹህ ሆኖ ካልመጣ በሩ ከግቢዬ አይወጣም።